ውሉ የጠፋው መስመር

በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ርቀታቸው 365 ሜትር ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በመካከላቸው የነበረው የኢንተርኔት ግንኙነት በድንገት ዛለ። በሴኮንድ 32 ሺህ ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር 40 ቢት ብቻ ያንጠባጥብ ጀመር። አምስት ፊደል በሴኮንድ! ወረቀት ይዞ በእግር መሄድ ይፈጥን ነበር። መስመሩ ግን አልተቋረጠም። ታዲያ ምን ነካው?

የቤተ ሙከራው ቫን ጃኮብሰንና የዩኒቨርሲቲው ማይክ ካረልስ ነገሩን ያዙት። “ለምን ተበላሸ?” እያሉ ወራት አለፉ፤ ውሉ አልገኝ አለ። በመጨረሻ ጥያቄውን ገለበጡት፦ ለመሆኑ ከመጀመሪያው እንዴት ይሠራ ነበር?

ያን ሲጠይቁ ዓይናቸው ግንኙነቱ በሚጀመርበት ቅጽበት ላይ አረፈ።

በመስመሩ የሚያልፈው እያንዳንዱ የዳታ ጥቅል እየተመዘገበ በነጥብ ተሣለ፤ ሰዓቱ በአግድም፣ ተራ ቁጥሩ ሽቅብ። ጤነኛ ግንኙነት ቢሆን ነጥቦቹ ተያይዘው ሽቅብ በወጡ ነበር። በሁለት የሰን ኩባንያ ኮምፒውተሮች መካከል የተቀዳው ምስል ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ነጥቦቹ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ እዚያው ይደጋገማሉ። ላኪው ገና ሲጀምር የያዘውን ሁሉ በአንዴ ይለቅቃል፤ ጥቅሎቹ ጠባብ በር ላይ እንደሚጋፋ ሕዝብ ተጨናንቀው ይጠፋሉ፤ እሱም መልሶ ይልካል። ከ54 እስከ 58 ኪሎባይት ያለው ክፍል አምስት ጊዜ ተልኮ ነበር! ከመስመሩ አቅም የተሠራበት 35 በመቶው ብቻ ነው። መጨናነቁን የሚያባብሱት ራሳቸው ላኪዎቹ ነበሩ።

መፍትሔውስ? አንድ ጥቅል ልኮ “ደርሷል” የሚል ምላሽ መጠበቅ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት። ጥቅል ከጠፋ ደግሞ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ መቀነስ። ዝግ ብሎ የመጀመሩ ዘዴ ለማሰብ ከባድ ቢሆንም በላኪው በኩል የጠየቀው 3 መስመር ኮድ ነበር። በዚያው መንገድ ሲሞከር በድግግሞሽ የባከነ ጥቅል አልታየም፤ ፍጥነቱም ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ታተመ።

ትራፊክን ቀድቶ የማየቱ ልማድ እዚያው ቤተ ሙከራ ሥር ሰደደ። ጃኮብሰን ከክሬግ ለረስና ከስቲቨን ማካን ጋር ቲሲፒደምፕ የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ ዋየርሻርክ የተባለው የትራፊክ ማያ ፕሮግራም ጥቅሎችን የሚቀዳበት ሊብፒካፕም ከዚያው የወጣ ነው። ቲሲፒደምፕም ዋየርሻርክም በነፃ ይገኛሉ፤ ኔትወርክ የሚማር ሁሉ ዛሬውኑ ጭኖ የራሱን ኮምፒውተር ትራፊክ ይይበት።