ሽታ ሲጠፋ ምን ጠፋ?

ተረት፦ ጥሩ መዓዛ መጥፎውን ሽታ የሚያሸንፈው በርትቶ ስለሚሸት ብቻ ነው።

ቤት ሲሸት ዕጣን ይጨሳል፤ መጸዳጃ ቤት ሲሸት ሽቶ ይረጫል። መጥፎው ሽታ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክንያት ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ጢሱ ሽታውን አባሮታል፣ ወይ ደግሞ ከበሮ ሲመታ ሹክሹክታ እንደማይሰማ ሁሉ ብርቱው ደካማውን ውጦታል። ሁለቱም ግምቶች አፍንጫን የተሰጠውን ሁሉ ሳይነካ ለአንጎል የሚያደርስ ተላላኪ ያደርጉታል። በላቦራቶሪ የተገኘው ማስረጃ ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ኬሚካል የሌላውን ምልክት ገና አፍንጫ ውስጥ ሳለ፣ አንጎል ዘንድ ሳይደርስ ሊያፍነው ይችላል።

እውነታ፦ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የሽታ ተቀባይ ፕሮቲኖችን የሚያስገኙትን ዘረመሎች እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አደረጉ፤ በ2004ም በዚሁ ሥራቸው ኖቤል ተሸለሙ። የሰው ልጅ ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነት የሚሠሩ ተቀባዮች አሉት። የሽታ ሞለኪውል ከሚስማማው ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ ተቀባዩ ቅርጹን ይለውጣል፤ በዚህም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ በሕዋሱ ውስጥ ይመረታል። መልእክተኛው በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ሶዲየምና ካልሲየም ይገባሉ፣ የኤሌክትሪክ ምልክትም ወደ አንጎል ይሄዳል። ይህ ሰንሰለት መጀመሪያው ላይ ሊቋረጥ ይችላል፤ ከተቀባዩ ጋር የሚጣበቅ፣ ግን ቅርጹን የማያስለውጥ ሞለኪውል ቦታውን ከያዘ፣ እውነተኛው ባለቤት ቢመጣም ማረፊያ ያጣል። የቅርንፉድ ዋና መዓዛ የሆነው ዩጀኖል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ለዩጀኖል ምላሽ የሚሰጥ የአይጥ ተቀባይ፣ በቅርጹ ዩጀኖልን የሚመስለው ሜቲል አይሶዩጀኖል ሲጨመርበት ምላሹ እንደሚታፈን አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ሽታን የሚተረጉመው አንጎል ነው፤ ትኩረትም ልማድም ድርሻ አላቸው። ታዲያ የታፈነው አንጎል ውስጥ እንዳልሆነ በምን ይታወቃል? ከመልሶቹ አንዱ የመጣው አንጎል ከሌለው ሕዋስ ነው። በ2003 የጀርመንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሰው የወንድ ዘር ሕዋስ የሽታ ተቀባይ እንዳለው፣ በላቦራቶሪም ቡርዦናል ወደተባለ አበባ አበባ የሚሸት ኬሚካል እንደሚዋኝ አገኙ። አንዴካናል የተባለ ሌላ ሽታ ሲጨመር ግን ሕዋሱ አቅጣጫውን አጣ። ያው አንዴካናል የሰው አፍንጫም ለቡርዦናል ያለውን ንቃት እንደሚቀንስ ቆይቶ ታይቷል። ትኩረትም ልማድም የሌለው አንድ ሕዋስ ከታፈነ፣ ማፈኑ ያለ አንጎልም ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። አንጎል ድርሻ የለውም አያሰኝም፤ ለአንጎል የሚደርሰው መረጃ ግን አስቀድሞ ተቀንሶለታል።

ተረት፦ የድብልቅ ሽታ የክፍሎቹ ድምር ነው።

እውነታ፦ መታፈን የጥቂት ኬሚካሎች ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ልዩ ሁኔታ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 በአይጥ አፍንጫ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳትን በአንድ ጊዜ በፈጣን ማይክሮስኮፕ ሲከታተሉ፣ ሽታዎች ሲደባለቁ የብዙ ሕዋሳት ምላሽ ሲወርድ፣ የአንዳንዶቹም ከሚጠበቀው በላይ ሲወጣ ተመለከቱ። ስለዚህ ሽቶ ቀማሚ ሦስት መዓዛ ሲያዋህድ የሚገኘው ውጤት ሦስቱን ጎን ለጎን ከማሽተት የሚለየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ መጥፎ ሽታን ሁሉ የሚያፍን አንድ ኬሚካል ለምን በገበያ ላይ አይገኝም? ምክንያቱ ከዚያው ማስረጃ ይወጣል። አንድ ሽታ ብዙ ተቀባዮችን ያነሳሳል፣ አፋኙ ግን የሚይዘው ከሱ ጋር የሚስማሙትን ብቻ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሌሎቹ ይናገራሉ፤ ሽታውም ከመጥፋት ይልቅ ጠባዩን ይቀይራል።

ተረት፦ በሽቶዎች መካከል ቡና ማሽተት አፍንጫን ያጸዳል።

እውነታ፦ በሽቶ መደብሮች የቡና ፍሬ የሚቀርበው በዚህ እምነት ነው። በ2011 በታተመ ሙከራ ግን ቡና ያሸተቱ ሰዎች ሎሚ ወይም ተራ አየር ካሸተቱት በተሻለ ሽታዎችን አልለዩም። የሚያስገርም አይደለም፤ የተቆላ ቡና ራሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተናኝ ኬሚካሎች ስላሉት ተቀባዮችን ሥራ ይጨምርባቸዋል እንጂ አያሳርፋቸውም። የደከመ ሕዋስ የሚመለሰው በጊዜና በንጹሕ አየር ነው።

ተረት፦ ካልሸተተ የለም።

እውነታ፦ ከሁሉም የሚከፋው ስሕተት ይህ ነው። ሰንሰለቱ ከተቀባዩ ባሻገርም ይበጠሳል። የወይን ጠጅ ቡሽ ላይ ሻጋታ የሚያመነጨው ትራይክሎሮአኒሶል፣ በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ2013 ጥናት፣ ኒውት በተባለ እንቁራሪት አስተኔ እንስሳ የሽታ ሕዋሳት ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እጅግ ባነሰ መጠን ሲያፍን ታይቷል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቡሽ የነካው ወይን መዓዛውን ያጣው መዓዛው ተኖ ስላለቀ ላይሆን ይችላል። ከዚህ የከፋው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ሲያንስ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ወደ 100 ሲደርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ይህ ጋዝ ተቀባዩን ብቻ ከሚይዙት አፋኞች ተራ አይደለም፤ የሚያስተምረው ግን ያንኑ ነው። ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው «አሁን አይሸትም» ብሎ ቢረጋጋ፣ የተማመነው በተዘጋ ምስክር ነው። ቤት ውስጥ ሽታውን ለማጥፋት ምንጩን ማስወገድና መስኮት መክፈት ይበጃል፤ ጉድጓድ ውስጥ ግን የአየሩን ደኅንነት መወሰን ያለበት የጋዝ መለኪያ ነው።