ፊልም ያስቆመው የቆሸሸ ሽርጥ

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ሰርግ ተጠርታችኋል። ተነሥታችሁ ዘምራችኋል፤ ሰዉም አጨብጭቦላችኋል። ከሳምንታት በኋላ የሰርጉን ቪዲዮ ስታዩ ግን የላችሁበትም። ለካስ ቪዲዮ ቀራጩ ያቆማችሁ ከሙሽሮቹ ርቃችሁ፣ ብቻችሁን፣ በአንድ ጥግ ነበር። ስለዚህ እናንተን ቆርጦ ሲያወጣ የጎደለ ነገር መኖሩን ማንም አልጠረጠረም።

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በሆሊውድ በነበሩ ጥቁር ሴቶች ላይ የደረሰው ከዚህ ብዙም አይለይም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያን ዘመን የፊልም ኩባንያዎች ዘፈንና ጭፈራ የሞላባቸውን የሙዚቃ ፊልሞች በብዛት ይሠሩ ነበር። ጥቁር ሴት በእነዚህ ፊልሞች የምትታየው በአብዛኛው በሁለት መልክ ነው፤ ወይ ትሪ ይዛ የምትገባና የምትወጣ የቤት ሠራተኛ ሆና፣ ወይም ከታሪኩ ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ ዘፈን ዘፍና የምትሰወር እንግዳ ሆና። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ተንኮል ነበረበት። በደቡባዊ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የነበሩ ሲኒማ ቤቶች ጥቁር ሴት አጊጣና ተከብራ መታየቷን ስለማይወዱ ያንን ትዕይንት ቆርጠው እያወጡ ያሳዩ ነበር። ኩባንያዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ገና ሲቀርጹት ለመቆረጥ እንዲመች አድርገው ይቀርጹታል። በ1942 ከኤም ጂ ኤም ኩባንያ ጋር የተፈራረመችው ሊና ሆርን ዓምድ ተደግፋ ብቻዋን እንድትዘፍን ይደረግ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከእርሷ ጋር የምትነጋገር ሌላ ተዋናይት ካለች ትዕይንቱን መቁረጥ አይቻልማ!

ሊናን እንኳ ዓለም አውቋታል። ጄኒ ለጎንን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? በ1935 “ሁሬይ ፎር ላቭ” በተባለው ፊልም ከታዋቂው ቢል ሮቢንሰን ጋር ጎን ለጎን የጨፈረች ወጣት ነበረች። በዚያው ዓመት ኤም ጂ ኤም ካስፈረማት በኋላ ብዙም ሳይቆይ አሰናበታት። ከ13 ዓመት በኋላ “ኢስተር ፓሬድ” በተሰኘው የዚያው ኩባንያ የጭፈራ ፊልም ውስጥ ብቅ ስትል የቤት ሠራተኛ ሆና ነው።

“ስለ ሆሊውድ ዘፋኞች በዚህ መጽሔት መጻፍ ምን አመጣው?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ አንድ ትዳርና አንዲት ቤተ ክርስቲያን ስላሉበት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም በአገራችን ስም የምትጠራ ናት።

ሄዘል ስኮት በ1920 በትሪኒዳድ ተወለደች። በአራት ዓመቷ ኒውዮርክ ገባች። እናቷ አልማ ሙዚቀኛ ስለነበረች ሕፃኗ ፒያኖ መጎርጎር የጀመረችው ገና በጨቅላነቷ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ጁሊያርድ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለፈተና ቀረበች። የተጫወተችው የራክማኒኖቭን ከባድ ድርሰት ሲሆን፣ ትንንሽ ጣቶቿ አልደርስ ሲሏት የማይደረስባቸውን ድምፆች በሌላ እየተካች ዘለቀችው። ለመመዝገብ ዕድሜዋ ባይፈቅድላትም ከመምህራኑ አንዱ በግል ሊያስተምራት ተቀበላት።

ካደገች በኋላ በኒውዮርክ “ካፌ ሶሳይቲ” በተባለ፣ ጥቁርና ነጭ አብረው በሚቀመጡበት ክበብ ዝነኛ ሆነች። ሆሊውድ ሲጠራት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ሆኖም ውል የፈረመችው የራሷን ሁኔታዎች አስቀምጣ ነው። የቤት ሠራተኛ ሆና አትታይም። በፊልሙ ላይ በገዛ ስሟ፣ ራሷን ሆና ትቀርባለች። የምትለብሰውንም ራሷ ትመርጣለች። በዚያ ዘመን አንዲት ጥቁር ሴት እንዲህ ያለ ውል ማስፈረሟ እንዴት ያለ ድፍረት እንደነበረ ልብ በሉ።

በ1943 “ዘ ሂትስ ኦን” የተሰኘው ፊልም ይቀረጽ ነበር። ሄዘል በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ፒያኖ መካከል ተቀምጣ ትጫወታለች። ችግር የተነሣው ግን በሌላ ትዕይንት ነው። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበርና፣ ጥቁር ሴቶች ወደ ጦር ሜዳ የሚሄዱ ወንዶቻቸውን ሲሸኙ እንዲታይ ታሰበ። ሄዘል ልብሷን በውሏ መሠረት ራሷ መርጣለች። በአጠገቧ የሚጨፍሩት ሴቶች ግን የቆሸሸ ሽርጥ እንዲያሸርጡ ተደረገ።

እርሷን የነካት ሰው አልነበረም። ዝም ብላ ፒያኖዋን መጫወት ትችል ነበር። እርሷ ግን፣ የትኛዋ ሴት ናት የምትወደውን ሰው ወደ ጦርነት ስትሸኝ የቆሸሸ ሽርጥ አሸርጣ የምትወጣው? ስትል ጠየቀች። ሚስት የሆነች አንባቢ መልሱን ታውቀዋለች፤ ያንን ቀን ሴት ያላትን ሁሉ አውጥታ ነው የምትለብሰው። ሄዘል ሽርጡ ካልተቀየረ አልሠራም ብላ ወጣች። ቀረጻው ለሦስት ቀን ቆመ። በየሰዓቱ ገንዘብ የሚፈስበት ሥራ በመሆኑ በመጨረሻ ኩባንያው ተሸነፈና ሽርጡ ወለቀ።

ቂሙ ግን አልወለቀም። የኮሎምቢያ ፊልም ኩባንያ አለቃ ሃሪ ኮን፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህች ሴት ሌላ ፊልም አትሠራም ብሎ ዛተ። ከዚያ በኋላ አስቀድማ የሠራቻቸው ወጥተው በ1945 “ራፕሶዲ ኢን ብሉ” አምስተኛዋ ፊልም ሆነ። የሆሊውድ ዘመኗም በዚያው አበቃ። ገና 25 ዓመቷ ነበር።

በዚያው በ1945 ሄዘል አገባች። ባሏ ፓስተር አዳም ክሌይተን ፓወል ጁኒየር ነበሩ። በኒውዮርክ ሃርለም የሚገኘው የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢና የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1808 የተመሠረተችው፣ በነጮች ቤተ ክርስቲያን ተለይተን አንቀመጥም ባሉ ጥቁር አማኞች ነው። ራሷ እንደምትተርከው ከመካከላቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩበት፤ ስሟም ከዚያ መጣ። በ2007 ኢትዮጵያ ሦስተኛውን ሚሊኒየም ስትቀበል አባሎቿ በቡድን ወደ አገራችን መጥተው ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን በጀግንነት ጨርሶ መሄድ ይቻል ነበር። ብዙዎች ሲጽፉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሌላ የተቆረጠች ሴት አለች።

ፓስተር ፓወል ሄዘልን ሲያገቡ የመጀመሪያ ሚስታቸውን ከፈቱ ብዙ አልቆዩም። የሚስታቸው ስም ኢዛቤል ዋሽንግተን ነው። እርሷም የመድረክ ሰው ነበረች። በ1929 “ሴንት ሉዊስ ብሉዝ” በተሰኘ አጭር የሙዚቃ ፊልም ከታላቋ ዘፋኝ ቤሲ ስሚዝ ጋር ሠርታለች። በፊልሙ ላይ የሰው ባል የምትነጥቀው ሴት እርሷ ነበረች። በሕይወቷ የገጠማት ተቃራኒው መሆኑ ይገርማል። ወጣቱ ፓወል ሊያገቧት ሲነሡ፣ ያኔ መጋቢ የነበሩት አባታቸው፣ የመድረክ ሴት፣ ያውም አግብታ የፈታች ለአገልጋይ አትሆንም ብለው ተቃወሙ። በኋላ ግን እሺ አሉ፤ በ1933 ተጋቡ። ኢዛቤል መድረኩን ትታ የአገልጋይ ሚስት ሆነች። ለትዳሯ ስትል ሙያዋን ሙሉ በሙሉ ሰጠች። ከ12 ዓመት በኋላ ያ ትዳር በሌላ የመድረክ ሴት ምክንያት ፈረሰ።

ይህ ጸሐፊ የሄዘልን ሽርጥ ታሪክ ይወድዳል። ነገር ግን ለማያውቋቸው ሴቶች ክብር ሥራዋን የከፈለች ሴት በዚህ ነገር ሌላዋን ሴት ማየት ለምን እንዳቃታት አልገባኝም። የበለጠው ጥያቄ ደግሞ በመድረክ ላይ ቃል ኪዳንን ይሰብኩ ለነበሩት ባል ነው።

ሄዘል ካገባች በኋላ፣ የፓስተር ሚስት ናትና በክበብ መጫወቷን አቁማ በኮንሰርት አዳራሾች ብቻ መጫወት ቀጠለች። ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽም አልጫወትም ትል ነበር። በ1949 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በምትገኝ ፓስኮ በምትባል ከተማ ምግብ ቤት አላስተናግድም ሲላት ከሰሰች፤ በማግስቱም ዓመት 250 ዶላር ተፈረደላት። በ1950 የራሷ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ኖራት፤ ጥቁር አሜሪካውያን ካቀረቧቸው የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ግን በኮሚኒስት ወዳጅነት ስሟ ስለተነሣ ራሷ ጠይቃ በምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ተከራከረች። ከሳምንት በኋላ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ዛሬ ከዚያ ፕሮግራም የተረፈ ቅጂ የለም።

በ1957 ልጇን ይዛ ፓሪስ ገባች። በ1960 ፍቺው ተፈጸመ። ፓስተር ፓወልም ሦስተኛ ሚስት አገቡ። ሄዘል በ1967 ወደ አሜሪካ ተመልሳ በ1981 በ61 ዓመቷ በካንሰር ዐረፈች። በ2019 ዝነኛዋ አሊሽያ ኪስ በግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ ሁለት ፒያኖ መካከል ተቀምጣ ስትጫወት የሄዘልን ስም በመጥራቷ ብዙ ወጣቶች ማን እንደነበረች መጠየቅ ጀመሩ።

ኢዛቤልስ? በኒውዮርክ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልዩ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ለዓመታት አስተማረች። በ2006 የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው ፊልሞች አንዱ “ሴንት ሉዊስ ብሉዝ” ነበር። ያኔ ኢዛቤል በሕይወት ነበረች። በ1929 የተቀረጸችው ወጣት የ98 ዓመት አሮጊት ሆና ነበር። በማግስቱ ዓመት በግንቦት ወር መጀመሪያ ዐረፈች።