ወንድማችን ሲወድቅ፦ ስለሚጥል በሽታ ልናውቀው የሚገባን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ምሽት ዒሻ ሰግደን ስንወጣ አንድ ወንድማችን በድንገት ወድቆ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግማሻችን ሸሸን፤ ግማሻችን እጅና እግሩን ጨምድደን ያዝነው፤ አንዳችን ክብሪት ጭረን አፍንጫው ሥር ያዝንለት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነቃ። ከዚያ ወዲህ ግን ጀማዓ ላይ አላየነውም። ሄደን ስንጠይቀው “መውደቁንስ ለምጄዋለሁ፤ ያቃተኝ ስነቃ የማየው የሰው ፊት ነው” አለን። ይህን የምንጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው፤ ያጠፋነውም እኛ ነን።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በጣም አነስተኛ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ሲለቁ ሰውየው ራሱን ስቶ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይወድቅ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ይቀራል። መንስኤው የጭንቅላት ጉዳት፣ በወሊድ ጊዜ የደረሰ የአየር እጥረት፣ እንደ ማጅራት ገትር ያለ ኢንፌክሽን ወይም የዘር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎች ላይ ምክንያቱ አይታወቅም። በአረፋም ሆነ አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

በቡታጅራ አካባቢ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራ ጥናት ከ1000 ሰዎች በ5 ያህሉ ላይ አግኝቶታል። በዚህ ስሌት 20 ሺህ ተማሪ ባለበት ግቢ 100 ያህል ሰው ማለት ነው። የት አሉ? አብረውን ይበላሉ፣ አብረውን ይሰግዳሉ፤ ደብቀውን ነው።

መደበቁ ደግሞ ሕመሙን ያብሰዋል። የዶርም ልጆች እንዳያዩበት ብሎ ኪኒኑን ሳይውጥ ያድራል፤ ሲያቋርጠው ይጥለዋል፤ ሲጥለው ይበልጥ ይደብቃል። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ማጥናትም ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ኒካሕ ሲታሰብ “ልንገራት ወይስ ልተው?” የሚለው ጭንቀት አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ድባቴ ቢያገኘው ኢማኑ ደክሞ አይደለም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንዲት ሴት ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ የሚጥል ሕመም እንዳለባት፣ ስትወድቅም ገላዋ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓእ ጠየቀቻቸው። ብትታገስ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገችም እንድትድን ዱዓእ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። ትዕግሥትን መረጠች፤ ነገር ግን እንዳትገለጥ ዱዓእ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላትም። ልብ እንበል፤ መውደቁን ልትታገሰው መረጠች፣ ሰው ፊት መገለጡን ግን አልቻለችውም። ወንድማችን ያለንም ይህንኑ ነው። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) አልሸሿትም፤ ሰምተው ክብሯ እንዲጠበቅ ለመኑላት።

ሰብር ማለት ግን ሕክምና መተው አይደለም፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምረው ከታከሙት እስከ 70 በመቶው ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ዱዓእና ቁርኣን ኪኒኑን አያስቀሩም። ኪኒን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል፤ ረመዷን ሲመጣ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው። ለታመመ ሰው አላህ ሩኽሷ ሰጥቷል።

ሰው ሲወድቅብን እንዲህ እናድርግ፦

• ሰዓት እንያዝ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ክሊኒክ እንውሰደው።
• አጠገቡ ያለውን የሚጎዳ ነገር እናርቅ፤ ከራሱ ሥር ጃኬት እናድርግ።
• አንጨምድደው፤ አፉ ውስጥ ምንም አንክተት፤ ክብሪት አንጫር።
• መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ እናስተኛው።
• እህት ከሆነች እህቶች ይቅረቡ፤ አንገቷ ላይ የጠበቀውን ሒጃብ አላልተው በነጠላ ይሸፍኗት፤ ወንዶች ፊታችንን እናዙር።
• ከበን አንቁም፤ በስልክ አንቅረጽ። አንድ ሰው እስኪነቃ አብሮት ይቀመጥ፤ ሲነቃም ግራ ይጋባልና አናጣድፈው። ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል።

ወንድማችን እስካሁን ጀማዓ አልተመለሰም። ይህን ካነበብከው፣ ዐውፍ በለን፤ ሶፉ ላይ ቦታህ አለ። ዳግም ብትወድቅ ስትነቃ የምታየው ፊት ሌላ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ