ደም ሲያስታውኩ፦ ከጂንካ የሚታይ የቀዶ ሕክምና ዳሰሳ

ጂንካ ላይ ሆድ የሚዳስስ ሐኪም ያበጠ ጣፊያ ቢያገኝ ቶሎ አይደመድምም። በወይጦና በሰገን ሸለቆዎች ካላዛር አለ፤ በቆላው ወባ አለ፤ ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ የወረደ ሰው ቢልሃርዝያ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ የጉበት ቫይረስ ‹‹ቢ›› ደግሞ አገር አይመርጥም። ጣፊያው ያበጠበት ሰው ድንገት ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው አንድ ነገር ነው። ከአንጀትና ከጣፊያ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም መንገዱ ሲጠብበት በምግብ ቧንቧ ግርጌና በጨጓራ አናት ያሉትን ደም መላሽ ሥሮች ያሳብጣል፤ አንዱ ፈንድቶ ይሆናል።

ቀዶ ሐኪሞች መጀመሪያ ያሰቡት ለደሙ ሌላ መውጫ ማበጀት ነበር። ሩሲያዊው ኤክ እ.ኤ.አ. በ1877 በውሾች ላይ የሞከረውን ዊፕልና ብሌክሞር በ1945 ኒው ዮርክ ላይ በሰው ሠሩት። መድማቱ ቆመ፤ ነገር ግን ጉበት ያላጣራው ደም አንጎል እየደረሰ በሽተኛውን ያደነዝዘው ጀመር። በ1967 ዋረን የጣፊያን ሥር ከግራ ኩላሊት ሥር በማገናኘት ችግሩን አቀለለው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ሐሳብ የተባለው ግብፃዊ ቀዶ ሐኪም የሄደበት መንገድ ይመስለኛል። የቢልሃርዝያ እንቁላል በጉበት ውስጥ ያሉትን የደም ሥር ቅርንጫፎች ያጠብባል እንጂ የጉበቱን ሥራ ለረጅም ጊዜ አያስቆምም። ስለዚህ እንዲህ ያለው በሽተኛ ጉበቱ በሲሮሲስ (በጠባሳ) ከተጎዳበት ሰው ይልቅ ቢላዋን ይችላል። ሐሳብ ጣፊያውን አውጥቶ፣ ወደ ጨጓራ አናትና ወደ ምግብ ቧንቧ ግርጌ የሚሄዱትን ሥሮች ቋጠረ፤ በ1967 የ355 ቀዶ ሕክምናዎችን ውጤት አሳተመ። ጃፓናዊው ሱጊዩራ በ1973 የምግብ ቧንቧውንም ቆርጦ መልሶ መስፋት ጨመረበት፤ ይህ ግን ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው።

ዛሬ ቢላዋ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ ደም፣ አንቲባዮቲክና ኦክትሪዮታይድ የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ከዚያ በኢንዶስኮፒ ያበጠው ሥር በላስቲክ ይታሰራል። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህን ይሠራሉ። ከጂንካ እስከዚያ ግን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሚደማ ሰው ይህ ርቀት ራሱ በሽታ ነው። በአፍንጫ ወይም በአፍ የሚገባው ባለ ፊኛ ቱቦ ሥሩን ተጭኖ አንድ ቀን ያህል ያቆያል። በጊዜ የተጀመረ ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ርካሽ ሆኖ ሳለ ዳግም መድማትን ይቀንሳል።

ጣፊያ ማውጣት ለኦሞ ቆላ ሰው ሌላ ዕዳ አለው። ጣፊያ የሌለው ሰው ወባ ሲይዘው ይጠናበታል፤ የሳንባ ምች ባክቴሪያም በሰዓታት ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በፊት ክትባት፣ ከዚያ በኋላ አጎበርና ትኩሳት በመጣ ቁጥር ፈጥኖ ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልገዋል። ከዚያም በፊት የካላዛር ምርመራ ይቀድማል፤ በካላዛር ያበጠ ጣፊያ በመድኃኒት ይሟሽሻልና።