ቅጠሉን ገልብጠው ይግዙ

ችግኝ ከሚሸጡት ወገን ስለሆንኩ ይህን የማወራው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ደንበኛ መደባችን ላይ ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፈው በጣም በለመለመው ጎመን ላይ ነው። እኛም እናውቃለን፤ ዩሪያ ጨመር የምናደርገው ለዚሁ ነው። ናይትሮጂን የበዛለት ቅጠል ግን ለስላሳ ስለሚሆን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ይወደዋል። ስለዚህ ተባዩ ከጎረቤት አጥር ተሻግሮ መጣ ብለው አይማረሩ፤ ብዙ ጊዜ ከፍለው፣ በፌስታል አንጠልጥለው የወሰዱት ራስዎ ነዎት። ሒሳብ ሳይከፍሉ ቅጠሉን ይገልብጡት።

ብዙም ሳይቆይ ደንበኛው ተመልሶ «መድኃኒት የለህም?» ይላል። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ በሃይላንድ የሚሸጥለት ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣና ፈሳሽ ሳሙና ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሳሙናው ነው፣ እሱ ደግሞ ቤትዎ አለ። ለ1 ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የሚገድለው ግን ነፍሳቱ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ዋጋ የለውም። ስለዚህ አመሻሽ ላይ፣ ከቅጠሉ ሥር በኩል ይርጩ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሞክሩ፣ ቅጠል ያቃጥላል።

ከድሬዳዋ ዘመድ ኒም ከላከልዎት አይቀቅሉት። ፍሬው ውስጥ ያለውን አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ሙቀት ያፈርሰዋል፤ ፀሐይም እንዲሁ። ፍሬውን ወቅጠው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፣ በነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት። በማግስቱ ሬሳ አይፈልጉ፤ ኒም ተባዩን ቀስ በቀስ ከመብላትና ከማደግ ያግደዋል እንጂ ወዲያው አይጥለውም። የትምባሆ ውኃ የሚመክርዎት ካለ አይስሙት፤ ኒኮቲን ከተክል ቅጠል ቢወጣም መርዝ ነው፣ ጎመኑን ደግሞ የሚበሉት እርስዎ ነዎት።

ግንዱ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ሲወጣ ካዩ መጀመሪያ እሱን ያስቁሙ። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ ክሽክሹን ከሚበላው ጥንዚዛ ይጠብቀዋል።

አሁን የተገለበጠውን ቅጠል ጠጋ ብለው ይዩት። ከአረንጓዴዎቹ ክሽክሾች መካከል አብጠው የደረቁ፣ ቡናማ፣ የማይንቀሳቀሱ አሉ። ከዓይን የምታመልጥ ተርብ እንቁላሏን ጥላባቸዋለች፤ እጩ ከውስጥ በልቶ ጨርሷቸዋል። ክብ ቀዳዳ ካለባቸው አዲሷ ተርብ ወጥታ ሌላ ክሽክሽ ፍለጋ ሄዳለች። ይህ ቅጠል አይረጭም። እኛ መደብ ላይ ግን እንዲህ ያለውን ቀንጥሰን እንጥላለን፤ ደንበኛ ሲያየው በሽታ ይመስለዋልና።