ከጓሮ የመጣ ሁሉ ደህና ነውን? የቤት ጽዳት ተረትና እውነታ

አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡባት ከደረስጌ አንስቶ እስከ ደባርቅና ዳባት፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ በብዙ ቤት ሁለት ዓይነት የጽዳት ዕቃ ጎን ለጎን ይገኛል። አንዱ ከአያት የተወረሰው እንዶድ፣ ግራዋ፣ አመድና የወይራ ጢስ ነው። ሌላው ከሱቅ የሚገዛው ኦሞና በረኪና ነው። ስለሁለቱም ብዙ ይነገራል። ከሚነገረው መካከል ጤና የሚጠብቅም ጤና የሚያሳጣም ስላለ፣ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተረት፦ «የተፈጥሮ ነገር መርዝ የለውም።»

እውነታ፦ ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ መልስ የለም። የደረቀው ፍሬ በሙቀጫ ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍና በእጅ ሲታሽ ነጭ አረፋ ያወጣል፤ ጋቢና ነጠላን ጥርት አድርጎ ያነጣል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። እንዲህ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ብልሃርዝያን ስለሚያስተላልፉ ግኝቱ የዓለምን ትኩረት ሳበ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ቀንድ አውጣን የሚገድለው ይኸው ንጥረ ነገር ግን ዓሣንም ይገድላል። ሰው ቢጠጣው ይመርዘዋል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ያቃጥላል። ስለዚህ ልብስ ያጠባችሁበትን የእንዶድ ውሃ ከጅረት ርቃችሁ ሜዳ ላይ ድፉት። ፍሬውን ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡት። መድኃኒት ነው ብላችሁም አትጠጡት።

ተረት፦ «አመድ ቆሻሻ ነው፤ ዕቃ አያጸዳም።»

እውነታ፦ ያጸዳል። በእንጨት አመድ ውስጥ ያለው ፖታሽ ቅባትን ይፈታል፤ ደቃቅ ዱቄቱ ደግሞ ጥቀርሻን ይፍቃል። ሳሙና ከታጣ እጅን በአመድና በውሃ አሽቶ መታጠብ በውሃ ብቻ ከመለቅለቅ ይሻላል። ሳሙና ካለ ግን ሳሙናው ይቅደም። አመዱ የቀዘቀዘና የተነፋ ይሁን፤ ፌስታል፣ ላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት ከነደደበት ምድጃ የወጣ አይሁን። የአሉሚኒየም ድስትን ስለሚበላም ለእሱ አትጠቀሙበት።

ተረት፦ «በወይራ የታጠነ ዕቃ መታጠብ አያስፈልገውም።»

እውነታ፦ ጢሱ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ውስጥ ያሉትን ተህዋስያን ይቀንሳል፤ መዓዛም ይሰጣል። እድፍን ግን አያነሳም። የቆየ የወተት ቅሪት ላይ ቢታጠን ቅሪቱ እዚያው ይቀራል። የባለሙያ እናቶች ቅደም ተከተል ትክክል ነው፦ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ማሸትና ማለቅለቅ፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ማጠን። ማጠኑን በር ከፍታችሁ ወይም ደጅ ሆናችሁ አድርጉት፤ የማንኛውም እንጨት ጢስ ሳንባን ይጎዳል፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው።

ተረት፦ «በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ እንደተንተከተከ ይወርዳል።»

እውነታ፦ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ያው የፈላ ውሃ ትኋንንም ይገድላል፤ የአልጋውን መጋጠሚያ በእሱ ማጠብና አንሶላውን መቀቀል ለእህል የተሠራ ፀረ ተባይ መኝታ ላይ ከመርጨት እጅግ ይሻላል።

ተረት፦ «በረኪና ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲጨመርበት ይበረታል።»

እውነታ፦ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ጠባብና ዝግ ክፍል ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ሎሚውም ኮምጣጤውም ለየብቻቸው የጠነከረ የማንቆርቆሪያ ዝቃጭን ያስለቅቃሉ፤ ከበረኪና ጋር ግን አይገናኙ። በረኪናን በቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኑት፤ መስኮትም ክፈቱ።

ቤትን ንጹሕ ለማድረግ ውድ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። ውሃ፣ ሳሙና፣ ፀሐይና የተነፋ አመድ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳሉ፤ እንዶድም ግራዋም በአግባቡ ከተያዙ ዛሬም ያገለግላሉ። አንድ ነገር ግን ለነገ አትበሉት፦ በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳ በረኪና ቤታችሁ ካለ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና ዛሬውኑ ምልክት አድርጋችሁበት ቆልፉበት።