ሞተር ተቀይሮ መብራቱ ሲያስቸግር መጀመሪያ ማሳውን አስለኩ

በውስጥ መስመር በብዛት የምትልኩልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ሞተር ካስቀየርኩ ጀምሮ ሞተሪኖው አንዳንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ቼክ ኢንጂን አልጠፋም። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ተባልኩ።» እባካችሁ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን፣ ማለትም ሞተሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኘውን መስመር፣ አስለኩ።

ሞተር የሚቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ ከቦዲው ጋር ብረት ለብረት አይገናኝም። ሞተሪኖው የሚስበው ከመቶ አምፒር የሚያልፍ ከረንት ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው በማሳ ኬብሉ ነው። ሞተር ሲወርድ ይሄ ኬብል ይፈታል። ሲገጠም ወይ ይረሳል፣ ወይ ቀለም ላይ ይታሰራል፣ ወይ ደግሞ አልደርስ ስላለ በቀጭን ሽቦ ይተካል። ከረንቱም ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የነዳጅ መስጫው የብረት ገመድ ሞተሪኖ ሲመታ የሚግለው ለዚህ ነው። የፊት መብራት ስታበሩ የሙቀት ጌጁ ከተንቀሳቀሰም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሳ ነው።

ብዙ ባለሙያ ማሳን የሚፈትሸው ቴስተሩን በማስጮህ ነው። ይሄ አይበቃም። ኬብሉ ተበጣጥሶ አንድ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳ ቴስተሩ ይጮሃል፤ ያ ክር ግን ሞተሪኖ አይሸከምም። መለካት ያለበት ጭነት ላይ እያለ ነው። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ (በማሰሪያው ላይ አይደለም)፣ ቀዩን ባዶ የሞተር ብረት ላይ ያዙ። ሞተሩ እንዳይነሳ የነዳጅ መርጫውን ፊውዝ ንቀሉና ሰው ቁልፍ ይምታላችሁ። ከ0.2 ቮልት በታች ካነበበ ጥሩ ነው። ከ0.5 ካለፈ ሞተሪኖው የሚገባውን ኃይል እያገኘ አይደለም።

በቅርቡ 5ኤ ሞተር የገባላት አንዲት ኮሮላ 1.8 ቮልት አነበበች። ብሎኑ ሲፈታ ከዋሸሩ ስር ቀለሙ እንዳለ ነው፤ ብረት የሚነካው የብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ተፋቀ፣ እንደገና ታሰረ፣ 0.15 ሆነ። ኮምፒውተሯን የነካው ሰው የለም።

ማሳው ደህና ከሆነ ወደ ዲናሞው ሂዱ። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ቁልፍ ኦን ሲደረግ የባትሪ ምልክቷ ትበራለች፤ ጭራሽ ካልበራች የዲናሞውን ሶኬት ሽቦዎች አንድ በአንድ ፈትሹ። ሞተሩን ከሶማሌ ተራ ገዝታችሁ ሽቦው በቀለም እየተመሳሰለ ከተቀጠለ ደግሞ እኔ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። የሽቦ ቀለም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ሶኬቱ ገጠመ ማለትም የውስጥ አደራደሩ አንድ ነው ማለት አይደለም። ያለ ዲያግራም ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሞተሩ ጋር የመጣው ኮምፒውተር የእናንተን ቁልፍ ቺፕ አያውቀውም ይሆናል፤ እሱ ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጋል።

ስትጽፉልኝ የመኪናውን ሞዴል፣ የገባውን ሞተር እና ቁልፍ ሲመታ ያነበባችሁትን ቮልት አብራችሁ ላኩልኝ።